እንዲያውም ያንሳል

ረቡዕ፣ ግንቦት 3፤ አመሻሽ

ጎማ፣ ጎማ፣ ጎማ። ሁለት አይሱዙ፣ አንድ ባጃጅ፣ አንድ የሠራዊት ፒክአፕ። ፒክአፑን ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ እነሱም ስንት ነው አላሉ። አሮጌው ኮምፕሬሰር ዛሬም መሀል ላይ ጠፋብኝ። ብርድ እንደመታው በግ ሲያስል ውሎ ቀጥ አለ። የድሮው እንዲህ አልነበረም። እሱን መርሳን ይዘዋት የነበሩት ታጣቂዎች ሲወጡ ጭነውት ሄዱ።

ከሰዓት እትዬ ዘነቡ ቤት ስብሰባ። እትዬ ዘነቡ ከጎሚስታዬ ጎን ምግብ ቤት አላቸው፤ ሽሮና ጥብስ፣ ደንበኞቻቸው ሾፌሮች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ቤት ነው። የተሰበሰብነው ሁላችንም ትንንሾች ነን፤ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ባለወፍጮው፣ ባለሱቆች። ጉዳዩ የሽያጭ ታክስ። ሊጨመር ረቂቅ ወጥቷል። በዚያ ላይ እስከ ዛሬ በዓመት አንዴ ቁርጥ ከፍለን የምንገላገለውን ሁሉ፣ ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ሽያጭ እየቆረጣችሁ አስገቡ ሊሉን ነው። ገና አልጸደቀም። ሰኞ ወልድያ ውይይት አለ፤ ከየከተማው የነጋዴ ተወካይ ይላክ ተብሏል።

ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሰይድ ተነሣ። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከኔ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ሞላ ይሂድልን አለ፤ አንደበት አለው፣ ሰው ፊት አይፈራም። እጅ ወጣ። የኔ ስም ጸደቀ።

ያፈርኩ መሰልኩ እንጂ ደስ ብሎኛል። ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ማስታወሻዬ። መንገድ ስሻገር ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 5

ሥራ አላሠሩኝም። አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። ይህን በልልን፣ ያን እንዳትረሳ።

እትዬ ዘነቡ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። ሾፌር ሳይቀመጥ በፊት ዋጋ ይጠይቃል፤ ከጨመርኩበት ወደ ውርጌሳ ያልፋል፣ ካልጨመርኩበት ከራሴ ይጎድላል አሉ። «ታክሱን በላተኛው ይከፍላል ይላሉ። የሚከፍለው ድስቴ ነው። እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።» እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሰይድ ደግሞ የራሱን። ከስደት ሲመለስ ከስፌት መኪኖቹ አንድም አላገኘም፤ አሁን በኪራይ መኪና ነው የሚሠራው። ሰው አዲስ አያሰፋም። አሮጌ ኮት ይዞ ገልብጥልኝ፣ የሟች ሱሪ ይዞ አሳጥርልኝ። በዚህ ላይ ከጨመርኩ ወደ ሰልባጅ ይሄዳሉ ይላል። ወልድያ ያለው ትልቁ ሱቅ በጭነት ስለሚያመጣ ከትርፉ ይቀንሳል፤ እኔ ከምን ልቀንስ?

እኔም የራሴ አለኝ። ከሁሉም ደህና ደህናውን መርጬ ስለማመድ ዋልኩ፤ ጎማ እየፈታሁ፣ ለጎማ እየተናገርኩ። ባለቤቴ እታገኝ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሰማችኝ። ጎማማ መልስ አይሰጥ ብላ ሳቀች።

ያልጻፍኩልሽ አንድ ነገር አለ። መርሳ ስትያዝ እታገኝንና ልጆቹን ወደ ደሴ ሰድጄ እኔ ቀረሁ። ዕቃዬን ልጠብቅ ብዬ። ታጣቂዎቹ ጎማ እያመጡ ጣሉብኝ፤ ለጠፍኩ። እኔ ብሆን አልለጥፍም ነበር የሚል ካለ እሱ እዚያ ያልነበረ ሰው ነው። ሠራዊቱ ሲመለስ ግን አንድ ሰው ጠቁሞብኝ ተጠርቼ ነበር። ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሣውም። እኔም አላነሣም።

ሰኞ፣ ግንቦት 8፤ ማታ

ከወልድያ ገባሁ። ደክሞኛል። ውይይቱ ጥሩ ነበር።

ጥሩ አልነበረም። ነገ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

መጻፉን ሳዘገየው ዋልኩ። ግን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

አዳራሹ መስታወት የለውም፤ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ነፋስ ሲመታው ያጨበጭባል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገረችው አንዲት የወልድያ ሴት ናት፤ አልጋ ታከራያለች። ፍራሽ ሳይቀር ተዘርፋለች። ያለ ፍርሃት ተናገረች፤ ገና ሳንቋቋም ጭማሪ አይገባም አለች። ሰብሳቢው እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ፣ አገር ለህልውናዋ እየተዋደቀች ባለችበት ሰዓት ታክስ በዛብኝ የሚል ሰው ለማን እንደሚሠራ ራሱን ይጠይቅ አለ።

ያጨበጨበው ላስቲኩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መርሳ ተባለ። ተነሣሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«በወረራው ጊዜ እዚያው መርሳ ነበርክ፣ አይደል?»

እንዴት አድርጎ እንዳለው አሁንም አላውቅም። የቁጣ አልነበረም። ምናልባት ሊያዝንልኝ ይሆናል። ምናልባት አይሆንም። ነበርኩ አልኩ። እንግዲያው ችግሩን ታውቀዋለህ፣ ተናገር አለ።

የእትዬ ዘነቡ ድስት፣ የሰይድ ኪራይ መኪና፣ ለጎማ ስናገረው የሰነበትኩት ሁሉ ብን አለ። በምትኩ ሌላ ቃል መጣ።

«የመርሳ ነጋዴ ጭማሪውን በደስታ ይቀበላል» አልኩ።

እዚያ ላይ ብቀመጥ። አልተቀመጥኩም። ማን ጠየቀኝ? «እንዲያውም ያንሳል» አልኩ።

ተጨበጨበ። ካሜራ የያዘ ልጅ ጠጋ ብሎ ቀረጸኝ። የወልድያዋ ሴት ዞራ አየችኝ። ጥላቻ እንኳ አልነበረባትም። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው እንደምናየው ነው ያየችኝ።

ከስብሰባው በኋላ የውሎ አበል ፈርሜ ተቀበልኩ። ይህንንም ጻፊው።

ሚኒባሱ መርሳ ሲደርስ ሰይድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። እንዴት ሆነ? ፊት ለፊት ነገርኳቸው አልኩ። አፌ ይህንንም አላፈረበትም። እትዬ ዘነቡ ቤት አስገቡኝ። ጥብስ ቀረበልኝ፤ ለሰይድ ለብቻው በሌላ ድስት ሽሮ ተሠራለት። የተሰበሰበው ሰው፣ የሚከፍለው የእትዬ ዘነቡ ድስት ነው ስትላቸው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አሉ አልኩ። እትዬ ዘነቡ ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ ሳይ። ጥብሱን እስከ መጨረሻው በላሁት።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ማንም አያውቅም። ጠዋት ስነቃ ይህን ለራሴ እነግረዋለሁ። እስከ ቁርስ ይሠራል።

እትዬ ዘነቡ ግድግዳቸውን ኖራ እያስቀቡ ነው። የሰኔን መጨረሻ ሳላልፍ እዘጋለሁ ሲሉ ነበር። አሁን ክረምቱን ልሞክረው አሉ፤ የሚናገርልን ሰው ካለ ሰማይ አይደፋብንም አሉ። ኖራ ቀቢውን መሰላል ያዝኩለት። ሌላ ምን ላድርግ።

ሰይድ በመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ ክቡር ተወካይ እያለ ይጠራኛል። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ወጣ።

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ይዛ መጣች። ቪዲዮ ከፍታ ስልኩን ሰጠችኝ። የመርሳ ነጋዴዎች የታክስ ማሻሻያውን እንደሚደግፉ ገለጹ ይላል። ፊቴ ያልበዋል። ድምፄ ግን ጥርት ብሏል፤ ያንሳል ስል ማይክሮፎኑ አላፏጨም፣ መብራቱ አልጠፋም። አገር ሙሉ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህቺ አልተቆራረጠችም።

ስልኩን መለስኩላት። ይቅርታ እንኳ አላልኩም። የባጃጅ ጎማ ይዤ ነበር፤ ስለጥፍ ዋልኩ። አንዱን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ለጠፍኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18

ጠዋት ገና በሩን ሳልከፍት ሰይድ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። ቁጣው በኔ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። በኔ አይደለም።

«ቆርጠው ቀጥለውብህ ነው፣ አይደል ሞልዬ?»

ማስታወሻዬ፣ አፌ አይደለም የመለሰው። ጭንቅላቴ ነው የተነቀነቀው። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አዎ ማለት ነው።

ሰይድ፣ እኔም ብያለሁ አለ፤ ዘንድሮ ሰውን ያላለውን ማስባል ቀላል ነው፣ ልጄ ስልኳ ላይ ስትሠራው አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ባለወፍጮው ሞላ ሸጠን ብሎ ለእህል አስፈጪው ሁሉ ሲያወራ ነበር አሉ። ከሰዓት በኋላ የሰማሁት፦ ሰይድ ባለወፍጮውን ሰድቦታል፤ በሰው ፊት ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። ሞላ አላለውም፣ ወላሂ።

ሰይድ በከንቱ አይምልም። አውቀዋለሁ። አንድ ሱሪ ለዓርብ ይደርሳል ወይ ሲሉት እንኳ ኢንሻአላህ ይላል እንጂ አይምልም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

እትዬ ዘነቡ ስለ ቪዲዮው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። በጠየቁኝ። ጎማ አስቀይሮ ለመብላት የሚጠብቅ ሾፌር ይዤ ስገባ፣ የግድግዳውን ኖራ እያዩ ተናገሩ። ሰይድ ተቀጥሎበት ነው ይላል፤ እኔ ስለ ስልክ አላውቅም አሉ።

«አንተ ካልክ አይተህበት ይሆናል ብዬ ነበር። እንችለዋለን ማለት ነው ብዬ። ሌሊቱን ሳሰላው አደርኩ። አንችለውም፣ ልጄ።»

ስለዚህ ይዘጋሉ፤ የሰኔ ወር ሲያልቅ። እንጀራ የምታቀርብላቸውን ልጅ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብለዋታል፤ ከቆቦ በኩል ተፈናቅላ ጃራ መጠለያ የነበረች ልጅ ናት። እሳቸው ውርጌሳ እህታቸው ጋ ሄደው መንገድ ዳር ላይ እንጀራ በሰፌድ ሊሸጡ ነው። ያለ ፈቃድ፣ ያለ ግድግዳ። ያለ ታክስም አሉ። ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ታክሱ እኮ ገና አልጸደቀም። ይህን ልላቸው ፈለግሁ። ያስዘጋቸው ግን ታክሱ ብቻ አይደለም። ይጮኽልናል ያሉት ሰው ያንሳል ማለቱ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 25

የባሰ መጣ። ሰይድ ሰኞ ወልድያ ሊሄድ ነው። ቪዲዮውን ያወጡት ሰዎች ቢሮ ገብቶ ሊጠይቅልኝ። የሰው ቃል ቆርጦ መቀጠል ወንጀል ነው፤ ወይ ያስተካክሉታል ወይ እከሳለሁ አለ። ተወው አልኩት። አልተወውም አለ፤ ነገ የኔንም ቃል ይቆርጡታል። ሥራ ትፈታለህ አልኩ። አላህ ያውቃል አለ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አውቀዋለሁ። ቢሮ ገብቶ ይጮኻል። ሙሉውን ቅጂ ያሳዩታል። ያለ ነገሩ ባለሥልጣን ሰድቧል ይባላል፤ በዚህ ዘመን አንድ ሰው ሲጮህ ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ ነው። እኔ ያንን ጥያቄ ፈርቼ ሸጥኳቸው። እሱ ስለ እኔ ብሎ በእግሩ ሊሄድበት ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

ትናንት ከጁምዓ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅሁት። ልነግረው። ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ሸትቶ፣ ከሩቅ እየሳቀ መጣ። ኮምፕሬሰሬ ተበላሸ፣ ደህና መካኒክ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ኮምፕሬሰሩ ትናንት አንዴም አልጠፋ።

ዛሬ ለእታገኝ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስጨርስ ቀና እንኳ አላለች።

«አውቄአለሁ» አለች። «የመጣህ ለት።»

እንዴት?

«ደግ ሠርተህ ብትመጣ ሦስቴ ታወራው ነበር። አንዴ አውርተህ ተኛህ።»

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከምታውቅ ሴት ጋ ነው የበላሁት። ለምን አልተናገርሽም አልኳት። የኔ አይደለም አለች፤ የሰይድ ነው፣ የዘነቡ ነው። ደሴ ሳለሁ ሰው ሁሉ ባልሽ ለምን ቀረ ሲለኝ አንድም ቀን አላፈርኩብህም። አሁን አፈርኩ። ይህን ብላ ሽንኩርቷን ድስት ውስጥ ገለበጠች።

እሑድ፣ ግንቦት 28፤ ቀትር

ነገርኩት።

ሱቁ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ነበር። አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም፣ እኔው ነኝ ያልኩት አልኩ። መኪናዋን አቆመ። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው። ስለ ሰብሳቢው ጥያቄ ነገርኩት፣ ስለ መፍራቴ። እየሰማ መሆኑን አላውቅም።

ከዚያ ጠየቀኝ።

«ያንሳል ያልከውንም?»

እሱንም አልኩ።

«ያንንማ ምን አስባለህ? የመጀመሪያውን ፈርተህ ነው። ያንን ማን አስገደደህ?»

ሰው ሲፈራ ጌታውን ካዘዘው በላይ ያገለግላል፤ ይህን ብቻ አውቃለሁ።

ሰይድ፣ ወላሂ ብዬ ምያለሁ አለ። ለኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስላል። አላወቅህም፣ ኃጢአቱ የኔ ነው አልኩት። እጁን አነሣ፤ ስለ መሐላዬ አንተ አትፈርድልኝም አለ። ለመሐላው ማካካሻ ሦስት ቀን ይጾማል፤ ነገ፣ ሐሙስ፣ ከዚያ ደግሞ ሰኞ። ባለወፍጮውንም ይቅርታ ይጠይቃል።

ስወጣ ተከትሎኝ በሩ ድረስ መጣ። ወልድያ መሄዱን እንደተወ ነገረኝ። ለኔ መንገርህ ጥሩ፤ የወከልንህ ግን ሁላችን ነን አለ። በሩን ዘጋው። አላላተመውም። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 2

ሰይድ ቀና አይልም። መንገዱ ሰፊ አይደለም፤ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሌ ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት አብረን እንሻገር ነበር። ዛሬ ሰይድ ጾም ነው። እኔም አልበላሁም፤ የኔ ግን ጾም አይባልም።

ወልድያ ሁለተኛ ውይይት ተጠርቷል፤ ሰኞ። ቅሬታ ስለበዛ ነው ይላሉ። ከሌላ ከተማ የበዛ ቅሬታ ነው። ከኛማ ምን ቅሬታ።

ዓርብ፣ ሰኔ 3

ለሰኞ የሚላክ ሰው ለመምረጥ ሁሉም መጣ። እትዬ ዘነቡ ቤት። ሰይድም፤ በሩ ጋ ቆመ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። አሳጥሬ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አልቆረጠውም፣ ስመለስም ዋሸኋችሁ፣ ሰይድ አያውቅም ነበር። ሌላ ሰው ላኩ።

ባለወፍጮው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ። አንዱ ባለሱቅ ተነሥቶ ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ፣ እሷም እዚህ ነበረች በወረራው ጊዜ፣ እኔም ፈርቼ ከታጣቂዎቹ ጋር የመጡ ሴቶችን ፀጉር ሠርቻለሁ፣ ግን ጎረቤቴን አልሰጠሁም አለች። ተቀበልኩ። ሌላ ሰው ይመረጥ ሲባል ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ አልችልም፣ ልጄ ታማለች፣ እኔ ንግግር አላውቅም።

እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ወጡ።

«እሱ ራሱ ይሂድ» አሉ። «ከእንግዲህ የሚፈራው ምን ቀረው? ማፈሩን እንደሆነ አፍሯል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፤ ድስቴን የማውቃት እኔ ነኝ።»

ባለወፍጮው ሊከራከር ፈለገ። እንግዲያው አንተ ሂድ አሉት። ተቀመጠ።

እጅ ወጣ። እንዳለፈው ተንጠራርቶ አይደለም፤ እስከ ትከሻ ብቻ። ሰይድን አየሁት። አላወጣም። አልተቃወመምም። ወደ ውጭ ያይ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 5

ጰራቅሊጦስ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምንም አልሰማሁም። የምለውን እየደጋገምኩ ነው። በዚህ ጊዜ ለጎማ አልተናገርኩም። ለእታገኝ ተናገርኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ ከልብህ የምትለው እንደሆነ አጭር ነው፣ ይህ ረዝሟል አለች። ግማሹን ጣልኩት።

ሰኞ፣ ሰኔ 6፤ አመሻሽ

ተመለስን። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ያው አዳራሽ። ያው ሰብሳቢ። እትዬ ዘነቡ ነጭ ነጠላ አጣፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። መርሳ ሲባል ተነሣሁ። ያን ጥያቄ እጠብቃለሁ። መልሱን ይዤ ነው የሄድኩት፤ አዎ ነበርኩ፣ ጎማቸውን ለጥፌአለሁ፣ ኮምፕሬሰሬን ወስደዋል፣ እዚያ የነበረ ሰው ታክስ ይከብደኛል ማለት ይችላል።

ሰብሳቢው ቀና ብሎ፣ ስምህን ማን ልበል አለኝ።

ሞላ አልኩ። ባለፈው ጭማሪው ያንሳል ያልኩት ነኝ።

ትንሽ አየኝ። ወረቀቱን አገላበጠ። «አላስታወስኩህም። ብዙ ሰው ነው የሚናገረው። ቀጥል» አለ።

ማስታወሻዬ፣ ሰውዬው አያውቀኝም። ያን ቀንም አያውቀኝም ነበር። ከመርሳ መሆኔን አይቶ፣ አንድ ነገር ልበል ብሎ ነው የጠየቀኝ። ጎረቤቶቼን ለማያውቀኝ ሰው ነው የሸጥኳቸው። እዚያው ቆሜ ይህ ሲገባኝ እግሬ ሥር መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ግን ተናገርኩ። ባለፈው የተናገርኩት የመርሳ ነጋዴ ቃል አይደለም፣ የኔ ፍርሃት ነው፤ ይሰረዝልን አልኩ። ተዘርፈን ገና ዕቃ አልተካንም፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚቆረጠውን ደንበኛው አይከፍልም፣ ጥሎን ይሄዳል፤ የሚቀረው ትልቁ ሱቅ ነው አልኩ። ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። የአንድ ሰው ነው። ከዚያ እትዬ ዘነቡ ተነሥተው ስለ ድስታቸው ተናገሩ፤ ማይክሮፎን ሲሰጧቸው አልፈልግም፣ ቤት ሙሉ ሾፌር እጣራ የለ ወይ አሉ። ከሲሪንቃ የመጣ አንድ ባለሱቅ ቀጠለ፣ ከዚያ ሌላ። የወልድያዋ ሴት ከፊት ተቀምጣ ነበር። አልዞረችም።

ሐሳባችሁ ተይዟል፣ ወደ በላይ ይተላለፋል ተባለ። ማንም አልታሰረም። ማንም አልተቆጣም። ካሜራ የያዘው ልጅ መጥቷል፤ እኔ ስናገር ስልኩን እያየ ነበር። ስለዚህ ያኛው ቪዲዮ አለ፤ ይኼኛው የለም።

አበሉን ሳልፈርም ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ፈርመው ተቀበሉ። የኔን ለምን ልተውላቸው፣ ድስት እገዛበታለሁ አሉ።

ሚኒባስ ውስጥ መዝጋታቸውን እንዳልተውት ነገሩኝ። የሚተላለፈው ነገር እስኪተላለፍ ኪራዩ አይጠብቀኝም፤ ዛሬ የተናገርነው ለሚቀሩት ነው አሉ። ውርጌሳ ዕቃቸውን እኔ አደርስላቸዋለሁ አልኩ። እሺ አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ አንተን መርገም ደክሞኝ ነበር፣ ዛሬ ተውኩት አሉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ልዩነቱ ገብቶኛል።

መናኸሪያው በር ላይ ማንም አልጠበቀኝም።

ሰይድ ዛሬ ሦስተኛውን ቀን እየጾመ ነው። የኛም የሰኔ ጾም ዛሬ ገብቷል። እህል አልቀመስኩም። ከወልድያ ቴምር ገዝቻለሁ፤ ጥሩውን፣ ለስላሳውን። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። እታገኝ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም፤ በንጹሕ ፌስታል አዛወረችው።

ሰይድ ሲያፈጥር ሄጄ አንኳኳለሁ። ይቅር በለኝ ልለው አይደለም፤ ያን ማለት ዳግም እሱን ሥራ ማስያዝ ነው። ወልድያ ላይ ምን እንዳልኩ ልነግረው ነው፤ ካሜራው ስላልያዘው ከኔ ሌላ የሚነግረው የለም። ቢከፍትልኝ እገባለሁ። ባይከፍትልኝ ቴምሩን ደጁ አስቀምጬ፣ ነገም እሄዳለሁ። ከነገ ወዲያም...

አዛን አለ። ልሂድ።